ወጣቱን በየትኛው ቁና እንስፈረው?

በያገሩ ገበያ ቁናው ልዩ ልዩ ነው። የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ስለሚችል፥ አንድ ሰው «አሥር ቁና ጤፍ ገዛሁ» ቢል አዋቂ ሰሚ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በየት አገር ቁና?» ብሎ ነው። በእህል ገበያ ይህን ጥያቄ የሚዘነጋ የለም። ሰውን፥ ይልቁንም ገና ሥራ የጀመረን ወጣት፥ በምንሰፍርበት ጊዜ ግን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን።

ይህ ዝንጋታ ጐልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ የአሜሪካን ፉትቦል ነው። በዩናይትድ ስቴትስ በያመቱ በመስከረም ግድም የሊጉ ውድድር ሲከፈት፥ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጥቂት ወጣቶች ኳርተርባክ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰለፋሉ። ወዲያውም ክርክሩ ይነሣል። «እንዲህ ያለ ልጅ ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም» የሚል አንድ ወገን አለ፤ «የድሮዎቹ ልጆች በዛሬው ሜዳ ቢሰለፉ ኖሮ ይህን ሁሉ ባስናቁት ነበር» የሚል ሌላ ወገን አለ። ሁለቱም በእጃቸው የያዙት የቍጥር ሰንጠረዥ ነው። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በየት አገር ቁና እንደ ተሰፈረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከልዩ ልዩ ዘመን ጥቂት ወጣቶችን አቅርቤ ይህንኑ ጥያቄ ለመመርመር እሞክራለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሥራው ምንድን ነው?

ጨዋታው ፉትቦል ይባል እንጂ እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ ጋር ዝምድናው ጥቂት ነው። ከያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፥ ማለት 9 ሜትር ያህል፥ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለባላጋራው ያልፋል። የዚህ ሁሉ መሪ ኳርተርባክ ነው። ኳሱን ከፊቱ ካጐነበሰው ጓደኛው ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰከንድ ያህል ባለች ጊዜ ውስጥ፥ ሊጥሉት የሚሮጡበት ግዙፎች እየተጠጉት፥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። የወረወረው ለጓደኛው ከደረሰ ውርወራው ተሳካ ይባላል፤ ባላጋራ ቀልቦ ካስቀረው ተጠለፈ ይባላል። ጓደኛው ኳሱን ከሜዳው መጨረሻ መስመር ካሳለፈ ደግሞ ታችዳውን ይሆናል፤ ይኸውም 6 ነጥብ ያስገኛል።

ከዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ደንብ አለ። ቡድኖቹ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች የሚመርጡት ድራፍት በሚባል ሥርዓት ሲሆን፥ ባለፈው ዓመት ከሁሉ የከፋ ውጤት ያገኘው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። ተራው ለሌላ ቡድን ካልተሸጠ በቀር፥ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የተጣለበት ወጣት ከሁሉ ወደ ደከመው ቤት ይገባል ማለት ነው። ደንቡ የወጣው ደካሞቹ እንዲበረቱ ታስቦ ነው፤ ለወጣቱ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ፈተና ያከብድበታል።

ሁለት ወጣቶች በወረቀት ላይ

በ1970 ፒትስበርግ ስቲለርስ የተባለው ቡድን ቴሪ ብራድሾው የሚባለውን የሉዊዚያና ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ መረጠ። ቡድኑ ባለፈው ዓመት ከ14 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነበር። ብራድሾው በመጀመሪያው ዓመት 218 ጊዜ ወርውሮ የተሳካለት 83 ጊዜ ነው። ታችዳውን ያስገኘው 6፥ የተጠለፈበት 24 ሆነ።

ከ53 ዓመት በኋላ፥ በ2023፥ ሂዩስተን ቴክሳንስ ሲ. ጄ. ስትራውድን ሁለተኛ አድርጎ መረጠ። ይህ ወጣት በመጀመሪያው ዓመት 499 ጊዜ ወርውሮ 319 ጊዜ ተሳካለት። ታችዳውኑ 23፥ የተጠለፈበት 5 ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ወረቀቶች ጐን ለጐን ያስቀመጠ ሰው ምን ይላል? አንዱ ለሥራው የተፈጠረ፥ ሌላው ሥራውን የተሳሳተ ነው ይላል። ነገር ግን ብራድሾው ኋላ ቡድኑን መርቶ ሱፐር ቦውል የሚባለውን የመጨረሻ ውድድር 4 ጊዜ አሸነፈ፤ በ1989ም ስማቸው ለዘላለም እንዲታወስ ከተመረጡት ታላላቅ ተጫዋቾች መዝገብ ገባ። የ1970ው ወረቀት ይህን አልተናገረም። ለምን አልተናገረም?

ዘመኑ የለወጠው

የመጀመሪያው ምክንያት የጨዋታው ሕግ ነው። በብራድሾው የወጣትነት ዘመን፥ ኳሱ ገና ሳይወረወር፥ ተከላካዩ የሚሮጠውን ተቀባይ በሜዳው ርዝመት ሁሉ እየገፋና እየመታ ማዘግየት ይችል ነበር። በ1978 ሕጉ ተለወጠ፤ ተከላካዩ ከ5 ያርድ በኋላ ተቀባዩን እንዳይነካ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ኳርተርባኩን ከፊት ሆነው የሚከላከሉለት ጓደኞቹ እጃቸውን ዘርግተው፥ መዳፋቸውን ከፍተው፥ ባላጋራን እንዲገቱ ተፈቀደላቸው። ከዚያም ወዲህ ኳርተርባኩን ከጭንቅላቱና ከጕልበቱ ላይ መምታትን የሚከለክሉ ሕጎች አንዱ በሌላው ላይ ተጨመሩ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውርወራን ከአደገኛ ሥራ ወደ ዕለታዊ ሥራ ለወጠው።

ውጤቱም በቍጥር ይታያል። በ1970 በመላው ሊግ ከሚወረወረው ኳስ የሚሳካው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ወደ ሁለት ሦስተኛ ተጠግቷል። በዚያን ጊዜ ከ100 ውርወራ 5 ያህሉ ይጠለፍ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ያነሰ ነው። የውድድሩ ርዝመትም አንድ አይደለም። በ1970 አንድ ቡድን 14 ጨዋታ ያደርግ ነበር፤ ከ1978 ጀምሮ 16፥ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ 17 ሆኗል። ስለዚህ የዓመት ድምርን ከዓመት ድምር ጋር ማነጻጸር 14 ቁናን ከ17 ቁና ጋር ማነጻጸር ነው።

የሚያስደንቀው፥ መለኪያው ራሱ የአንድ ዘመን ልጅ መሆኑ ነው። ሊጉ ኳርተርባኮችን የሚያወዳድርበትን ስሌት ሥራ ላይ ያዋለው በ1973 ነው። ስሌቱ አራት ነገሮችን ያጣምራል፤ እነርሱም የተሳካው ውርወራ፥ በያንዳንዱ ውርወራ የተገኘው ርቀት፥ ታችዳውንና የተጠለፈው ናቸው። ያዘጋጁት ሰዎች በዚያ ዘመን የነበረውን ውጤት ተመልክተው፥ መካከለኛ ተጫዋች 66.7 እንዲያገኝ አድርገው ቀመሩት። ዛሬ የመላው ሊግ መካከለኛ ውጤት ወደ 90 ግድም ነው። እንዲህ ከሆነ በ1973 «ጐበዝ» የተባለበት ነጥብ ዛሬ ከሥራ የሚያስወጣ ነጥብ ሆኗል። ሰዎቹ ሳይሆኑ ቁናው ተለውጧል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትክክለኛ መለኪያ ወጣቱን ከዘመን ጓደኞቹ ጋር ማስተያየት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆኑን ዳን ማሪኖና ፓትሪክ ማሆምስ ናቸው። ሁለቱም በሊጉ በሁለተኛ ዓመታቸው አገር አስደነቁ። ማሪኖ በ1984 ለማያሚ 48 ታችዳውን ወረወረ፤ ማሆምስ በ2018 ለካንሳስ ሲቲ 50 ወረወረ። በወረቀት ማሆምስ በ2 ይበልጣል። ነገር ግን ማሪኖ ከመምጣቱ በፊት በአንድ ዓመት ከ36 በላይ የወረወረ ሰው አልነበረም፤ እርሱ የቀደሙትን ሁሉ በሲሶ በልጦ ሄደ። ማሆምስ 50 በወረወረ ጊዜ ግን ፔይተን ማኒንግ ከ5 ዓመት በፊት 55 ወርውሮ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ «ማሪኖ ይበልጣል» ብሎ ለሚፈርደውም መልስ አለ፤ ማሆምስ ሱፐር ቦውልን 3 ጊዜ ሲያሸንፍ ማሪኖ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። እንግዲህ ዘመንን ማስተካከል አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ወደ ብራድሾው ስንመለስም ይኸው ነው። እርሱ ከ100 ውርወራ 11 ያህል ተጠልፎበታል፤ ይህም የገዛ ዘመኑ መካከለኛ እጥፍ ነበር። በዘመኑ ቁና እንኳ ቢሰፈር ደካማ ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባናል።

ወጣቱ የገባበት ቤት

በ1989 ዳላስ ካውቦይስ ትሮይ ኤይክማንን ከሁሉ አስቀድሞ መረጠ። ኤይክማን በዚያ ዓመት 11 ጨዋታ መርቶ 11ዱንም ተሸነፈ። የሚያሳዝነው፥ ቡድኑ በዓመቱ ውስጥ ያገኘው አንድ ድል የተገኘው ስቲቭ ዋልሽ የተባለው ሌላ ወጣት በተሰለፈበት ቀን ነበር። ችኩል ዳኛ ቢሆን ኖሮ «እነሆ፥ ዋልሽ ያሸንፋል፥ ኤይክማን ይሸነፋል» ብሎ በፈረደ ነበር። የዳላስ መሪዎች ግን በሚቀጥለው ዓመት ዋልሽን ለሌላ ቡድን ሰጥተው ኤይክማንን አስቀሩት። በዙሪያውም ጠንካራ ሰዎችን ሰበሰቡ። ኤይክማን ሱፐር ቦውልን 3 ጊዜ አሸነፈ።

ከዚህ ጋር ቤን ሮትሊስበርገርን እናስተያይ። እርሱ በ2004 ወደ ፒትስበርግ ሲገባ ቡድኑ በመከላከልና ኳስ ተሸክሞ በመሮጥ የበረታ ነበር፤ ስለዚህ ወጣቱ ጨዋታውን ሁሉ በትከሻው እንዲሸከም አልተጠየቀም። በመደበኛው ውድድር 13 ጨዋታ መርቶ 13ቱንም አሸነፈ። ሮትሊስበርገር ጐበዝ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን 13 ለ0 እና 0 ለ11 የሚሉት ሁለት ውጤቶች የሁለት ወጣቶችን ልዩነት ብቻ ይነግሩናልን? የሁለት ቤቶችንም ልዩነት ይነግሩናል እንጂ።

የሆነ ሆኖ ቤቱን ብቻ መውቀስም ስሕተት ይሆናል። በ1998 ድራፍት አገሩ ሁሉ የተከራከረው ስለ ሁለት ወጣቶች ነበር፤ ፔይተን ማኒንግ ወይስ ራያን ሊፍ? ማኒንግ አንደኛ ሆኖ ወደ ኢንዲያናፖሊስ፥ ሊፍ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ሳንዲያጎ ሄደ። የሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ከባድ ነበር። ማኒንግ 28 ጊዜ ተጠለፈበት፤ ይህም በአዲስ ተጫዋች ከደረሰው ሁሉ የበዛ ነው። ቡድኑም 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ። ሊፍ ደግሞ 2 ታችዳውን ወርውሮ 15 ጊዜ ተጠለፈበት። በሚቀጥለው ዓመት የማኒንግ ጥልፍ ወደ 15 ወረደ፤ ቡድኑም ውጤቱን ገልብጦ 13 አሸነፈ፥ 3 ተሸነፈ። ሊፍ ግን በትከሻው ጕዳት ምክንያት ያን ዓመት ሳይጫወት አሳለፈ፤ ከዚያም በኋላ ሳይቀናው ጥቂት ቈይቶ ከሊጉ ወጣ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የወደቀ ሁሉ ኋላ ይነሣል ማለት አይቻልም። የመጀመሪያው ዓመት ብቻውን ማን እንደሚነሣ አይለይም ማለት ግን ይቻላል።

የመጀመሪያው ዓመት ማማርም ዋስትና አይደለም። ያ የተደነቀው ስትራውድ በሁለተኛው ዓመት ጥልፉ ከ5 ወደ 12 ወጣ፤ ባላጋራዎቹ አጥንተውት ነበር፤ ከፊቱ የነበረው አጥርም ሳስቶ ነበር። ይህም ማነሱን አያሳይም፤ ፈተናው ገና መጀመሩን ያሳያል እንጂ።

ትዕግሥትና ዋጋዋ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ጆኒ ዩናይተስ በ1955 በፒትስበርግ ከተመረጠ በኋላ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ተሰናበተ። በሕንጻ ሥራ እየዋለ፥ በአንድ ጨዋታ 6 ዶላር እየተከፈለው፥ በሠፈር ቡድን ተጫወተ። በ1956 ባልቲሞር አነሣው፤ በ1958 እና በ1959 የሊጉን ዋንጫ ለባልቲሞር አስገኘ። አሮን ሮጀርስ ከ2005 ጀምሮ 3 ዓመት ከብሬት ፋቭር በስተኋላ ሆኖ እያየ ተማረ። ማሆምስም 50 ታችዳውን ከመወርወሩ በፊት የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው ከአንድ ጨዋታ በቀር ተቀምጦ በማየት ነው።

ዛሬ ግን ትዕግሥት ረክሳለች። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የ6 ዓመት ውሉ 78 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ2011 የአዲስ ተጫዋቾች ደመወዝ በስምምነት ስለ ተወሰነ፥ በዚያ ዓመት አንደኛ የተመረጠው ካም ኒውተን የ4 ዓመት ውሉ 22 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ደንቡ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ወጣት አምስተኛ ዓመት ይጨመርለት ወይስ አይጨመርለት የሚለውን ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ እንዲወሰን ያዛል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሁለት ነገር አስከትሏል። ወጣት መሞከር ርካሽ ሆነ፤ ወጣት መጣልም ርካሽ ሆነ። ሳም ዳርኖልድ በ2018 በ20 ዓመቱ በኒውዮርክ ጄትስ ሦስተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ለሌላ ተሰጠ። በ2024 በአራተኛው ቡድኑ በሚነሶታ 35 ታችዳውን ወርውሮ 14 ጨዋታ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፤ ዕድሜና ቤት ግን ተለውጠዋል።

ሁለተኛ ዓመት የተከለከለው

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሜዳ ገብተው ስለ ተሰፈሩት ነው። በሰንጠረዡ ውስጥ ግን ባዶ ሥፍራዎች አሉ፤ ዘመናትን የሚያወዳድር ሰው እነርሱንም ማንበብ አለበት።

በ1968 ማርሊን ብሪስኮ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በዴንቨር ብሮንኮስ ተመረጠ። የተመረጠው ለተከላካይነት ነበር፤ በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው ለኳርተርባክነት የሚያስፈልገው አእምሮና መሪነት የለውም የሚል ጭፍን አሳብ ነግሦ ነበርና። ሌሎቹ ኳርተርባኮች ሲጐዱና ሲደክሙ ግን ሥፍራው ተሰጠው፤ በዘመናዊው ፕሮፌሽናል ፉትቦልም ኳርተርባክ ሆኖ ጨዋታ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። በዚያ ዓመት 14 ታችዳውን ወረወረ፤ 13 ጊዜ ተጠለፈበት።

አሁን ይህን ከብራድሾው የ1970 ወረቀት ጋር ያስተያዩት። ዘመኑ በ2 ዓመት ብቻ ይለያያል፤ የሁለቱም ቤት ደካማ ነበር። የአንዱ 14 ለ13፥ የሌላው 6 ለ24 ነው። 6 ለ24 ያስመዘገበው ወጣት ዓመታት ተሰጡት፤ አሠልጣኙ ቸክ ኖል እያስቀመጡና እያነሡ፥ እየገሠጹ አሳደጉት፤ የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል ያሸነፈው በአምስተኛው ዓመቱ ነው። 14 ለ13 ያስመዘገበው ግን በሚቀጥለው ዓመት በዴንቨር የኳርተርባክነት ሥፍራ ተከለከለ። ወደ ቡፋሎ ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ፤ በዚያም ሥራ ስለ በረታ ኋላ ከማያሚ ጋር ሱፐር ቦውልን 2 ጊዜ አሸነፈ። ይህ ሰው ኳርተርባክ ሆኖ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ፥ አምስተኛ ዓመት ቢሰጠው ምን ይሆን ነበር? ይህን የሚመልስ ሰንጠረዥ የለም።

ዋረን ሙን በ1978 መጀመሪያ ላይ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን መርቶ የታወቀውን የሮዝ ቦውል ውድድር ካሸነፈ በኋላ፥ በድራፍቱ የመረጠው አልነበረም። ወደ ካናዳ ተሻግሮ ከኤድመንተን ጋር የአገሩን ዋንጫ 5 ጊዜ በተከታታይ ወሰደ፤ በ1984 ወደ ሂዩስተን ተመለሰ፤ በ2006ም ከታላላቆቹ መዝገብ ገባ። በጥር 1988 ደግ ዊሊያምስ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። በየካቲት 2023 ማሆምስና ጄለን ኸርትስ ሲገናኙ፥ በሱፐር ቦውል ሁለቱም ኳርተርባኮች ጥቁሮች ሲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ብሪስኮ ከተሰለፈ 54 ዓመት አልፎ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የትኛው ዘመን የተሻለ ወጣት አፈራ ለሚለው ክርክር የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወጣቱን ከመፍረዳችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። በዘመኑ ከነበሩት ጓደኞቹ መካከል ምን ያህል ነበር? የገባበት ቤት ምን ዓይነት ነበር? ሁለተኛ ዓመት ተሰጥቶት ነበርን? ከሦስቱ የመጨረሻው ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ በወጣቱ እጅ አይደለም። ዘመኑን ሕጉ፥ ቤቱንም ዕጣ ይወስኑታል፤ ሁለተኛውን ዓመት የሚሰጥ ወይም የሚከለክል ግን ስምና ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ገና ተማሪዎች ወይም በሥራቸው የመጀመሪያ ዓመት ላይ ያሉ ወጣት ሠራተኞች ይሆናሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ዛሬ ከሌላው ቁና የምንጠብቅ ብንሆንም፥ ጊዜው ሲደርስ ቁናው በእኛ እጅ ይሆናል። በዚያን ቀን በጠረጴዛችን ላይ 6 ለ24 የሚል የአንድ ወጣት ወረቀት ሲቀርብልን፥ ከመፈረማችን በፊት ወጣቱ በየት አገር ቁና እንደ ተሰፈረ እንጠይቅ። 14 ለ13 የሚል ሌላ ወረቀት ያለ ምክንያት ወደ ጐን ተደርጎ እንደ ሆነም መሳቢያውን ከፍተን እንይ።